የአማልክትና የአጋንንት አለቆች ጥቅልል፦ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም

ለጓደኞቼ አዲስ ዓለም እየፈጠርኩ ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን፣ ዳይስ እየጣልን፣ አንዱ እየተረከ ሌሎቹ ገጸ ባሕርይ ሆነው ለሚጫወቱት ጨዋታ። ካርታው አልቋል። ሕዝቡም አለ። የቀረው ትልቁ ሥራ አማልክቱና የአጋንንቱ አለቆች ናቸው። እነሱን ደግሞ ደብተር ላይ ብቻ ልተዋቸው አልፈልግም። እያንዳንዳቸውን ብራና ላይ እሥላቸዋለሁ፤ እንደ ክታብ የሚጠቀለል፣ ተጫዋቾቹ በእጃቸው ዘርግተው ማን ማን እንደሆነ የሚፈልጉበት ጥቅልል ይሆናል።

ዓለሙ ሰባት አምባዎች አሉት። አናታቸው ሜዳ፣ ዙሪያቸው ገደል። ከታች የጨው ሜዳ ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ዳናክል ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ አለው፤ ጨው እየተፈለጠ፣ በግመል እየተጫነ ወደ ደጋ የሚወጣው ከዚያ ነው፤ አሞሌም ለዘመናት ገንዘብ ሆኖ ኖሯል። በእኔም ዓለም አምባ ላይ ያለው ጨው ይፈልጋል፣ ጨው ሜዳ ላይ ያለው እህል ይፈልጋል። መውጣትና መውረድ ግድ ነው። ገደል የሚወጣ ሰው ደግሞ ስለት ይሳላል።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ወስኛለሁ። ዛሬ ሰው የሚያምንበትን ወይም የሚፈራውን ስም አላስገባም። መልአክ፣ ቅዱስ፣ ዛር፣ ጂኒ፣ ማንም በስሙ አይገባም። የሰው እምነት ለጨዋታ አይሆንም። የምወስደው ሰው ከማይታይ ነገር ጋር የሚዋዋልበትን መንገድ ብቻ ነው።

መስከረም መጨረሻ

በብዙ የፋንታሲ ጨዋታ ውስጥ አምላክ ማለት የሥልጣን ዝርዝር ነው። የጦርነት፣ የባሕር፣ የሞት። ከጎኑ ደግ ወይም ክፉ የሚል ምልክት ይደረግለታል። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እ.ኤ.አ. በ1974 ከወጣ ወዲህ ብዙዎቻችን የለመድነው ይሄንን ነው። እንዲህ ያለው አምላክ ግን ተጫዋቹን አይነካውም። ሲገለጥ ሰው የሚጠይቀው "ጉልበቱ ስንት ነው?" ብሎ ነው።

እኔ የጀመርኩት ከስለት ነው። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሚወጣውን ሕዝብ አስቡት። አንዱ ጃንጥላ ይዟል፣ አንዷ ምንጣፍ፣ አንዷ የተሳለችበትን ልጅ አዝላ መጥታለች። ሁሉም የተቀበለው አለ፣ ሁሉም የሚመልሰው አለ። ከዚያ ሕዝብ የወሰድኩት የሰውን ቃል ብቻ ነው፤ "ይሄ ከሆነልኝ ይሄን አመጣለሁ" የሚለውን። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አምላክ ሦስት ጥያቄ ጻፍኩ። ሰው ምን ይለምነዋል? ምን ይሳልለታል? ስለቱ ቢበላበትስ?

ሦስተኛው ጥያቄ የአጋንንቱንም ነገር ጨረሰልኝ። በዚህ ዓለም አጋንንት ከሌላ ቦታ አይመጡም። ስለቱ ለትውልድ የተበላበት አምላክ የአጋንንት አለቃ ይሆናል፣ በቃ። ሥራው ያው ነው። የሚፈልገውም ያው ነው። ድሮ ሲሰጡት ይቀበል የነበረውን አሁን ራሱ እየመጣ ይወስዳል፤ ሲወስድ ደግሞ የተሳለው ማን እንደሆነና ያልተሳለው ማን እንደሆነ አይለይም።

ጥቅምት

እሜት መጅን ጨረስኩ። ከሁሉም ብዙ የሠራሁባቸው እሳቸው ናቸው።

የወፍጮ አምላክ ናቸው። በወፍጮውና በመጁ መሀል ያድራሉ፣ ዶሮ ሳይጮኽ ይነሣሉ። መቅደስ የላቸውም። ጸሎታቸው ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋጭ የሚወጣው ድምፅና ሴቶቹ እየፈጩ የሚያንጎራጉሩት ነው። ወፍጮ ላይ የሚንጎራጎረው ደግሞ ሌላ ቦታ የማይወጣ ነገር ነው፤ የአማት፣ የባል፣ የድካም፣ ሳይወዱ የተዳሩበት ነገር። እሜት መጅ ይሄን ሁሉ ይሰማሉ፣ ለማንም አያወጡም። ስለታቸው ትንሽ ነች፤ ከመጀመሪያው ዱቄት አንድ ቁንጥር ደጃፍ ላይ መበተን። የሚሰጡት ሁለት ነገር ነው። ምስጢር ይጠብቃሉ፣ የፈጪዋን ወገብ ይደግፋሉ።

ሰው ሁሉ "እርስዎ" ይላቸዋል። ይሄን ለተራኪነቴም ጻፍኩት፤ አንድ መንደር ውስጥ ሰዎች "አንቺ" ማለት ከጀመሩ ነገር እየተበላሸ ነው ማለት ነው፣ ተጫዋቾቹ ጆሮ ካላቸው ይይዙታል።

ሌሎቹ በፍጥነት ሄዱ። ዱካ የመንገድ አምላክ ነው። ሁልጊዜ ከፊት ስለሚሄድ ፊቱን ያየ የለም፤ ገደል የሚወጣ ሰው ከታች አንድ ድንጋይ ተሸክሞ አናት ላይ ያስቀምጥለታል። አሞሌው የጨው ነው፣ አይናገርም፣ ሁለት ሰዎች ጨው ቀምሰው የተዋዋሉትን ግን አይረሳም። የምንጩ አምላክ ገና ስም የለውም። ሁለት ሞክሬ አንዱም አልጣመኝም፣ እንዳይጎትተኝ አልፌዋለሁ።

ኅዳር

የአጋንንቱ አለቆች። እዚህ ላይ ብዙ ደስ ብሎኛል።

አሰላለፋቸውን ከድሮው የጦር ሰፈር ወሰድኩ። ንጉሥ ሲዘምት ድንኳኑ መሀል ይተከላል፣ ፊታውራሪው ቀድሞ ይሄዳል፣ ቀኛዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ፣ ደጀኑ ከኋላ። አጋንንቱም እንዲህ ሆነው ይጓዛሉ፤ ሰፈራቸው ከአምባ ወደ አምባ ይንቀሳቀሳል፣ የሰፈሩበት መሬት ለዓመት እህል አያበቅልም። ስማቸው ደግሞ የፈረስ ስም ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ እንደነበረው። ስም በጠሩ ቁጥር የፈረስ ኮቴ የሚሰማ አለቃ፣ ካባ ለብሶ ከሚያጓራ ጭራቅ ይልቅ ያስፈራኛል።

ፊታውራሪው አባ ቅድም ነው። የነፋስ አምላክ ነበር። ገበሬው አውድማ ላይ እህሉን ወደ ላይ ሲበትን መጀመሪያ የሚነሣው እፍኝ የሱ ነበር፤ ቆይቶ ሰው እፍኙን መቆጠብ ጀመረ። አሁን ከመከራ ሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። እሱ ከመጣ ውሻው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሮ ይጮኻል።

ቀኛዝማቹን አባ ረመጥን ለመሥራት መጽሐፈ ሄኖክን እንደገና አነበብኩ። ሙሉው ተጠብቆ የኖረው በግዕዝ ብቻ የሆነ መጽሐፍ እጃችን ላይ እያለ ሌላ ቦታ መሄድ አልፈለግኩም። ትጉሃን የተባሉ 200 መላእክት በአርሞን ተራራ ላይ ይወርዳሉ። ከዚያ እያንዳንዱ አለቃ ለሰው አንድ ነገር ያስተምራል። አዛዝኤል ሰይፍና ቢላ፣ ጋሻና ጥሩር፣ አምባርና ኩል፤ ሌላው ሥር መቁረጥ፣ ሌላው ከዋክብት ማንበብ። ክፋታቸው የሚመጣው በሙያ በኩል መሆኑ ነው የያዘኝ። ስለዚህ በእኔ ዓለም እያንዳንዱ የአጋንንት አለቃ ድሮ ያስተማረው ነገር አለ፣ ሰውም እስከዛሬ ይጠቀምበታል። ከዚያ ሸሽቶ ማምለጥ የለም። ቢላ ያለው ሁሉ ከአባ ረመጥ ጋር የቆየ ነገር አለው።

አባ ረመጥ ብረት መቀጥቀጥ ያስተማረ አምላክ ነበር። በየዓመቱ የተሠራችው የመጀመሪያ ሰይፍ ተሰብራ ወደ እሳቱ እንድትመለስለት ቃል ተገባለት። ከዕለታት አንድ ቀን ያቺ የመጀመሪያዋ ሰይፍ በጣም ስላማረች ተሸጠች፣ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ተሸጠች። አሁን በዓመት አንድ ጊዜ፣ የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሰው እጅ ላይ ሰይፍ ይሰበራል። መቼም በሰላም ቀን አይሰበርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተጠንቅቄ ነው የሠራሁት። በአገራችን ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂ "ቡዳ" እየተባለ ስንት ዘመን ተገፍቷል። ሙያውን የምንበላበት ሰው ነው አብሮን ማዕድ እንዳይቀርብ ያደረግነው። የእሳት ጋኔን ፈጥሬ ከጎኑ ቀጥቃጮችን ባሰልፍ ያንኑ ግፍ በሌላ ልብስ መድገም ነው የሚሆነው። ስለዚህ በዚህ ዓለም ስለቱን የበሉት ገዢዎቹ ናቸው፤ ሰይፏን የሸጡት፣ ያስሸጡት፣ ገንዘቡን የያዙት። ቀጥቃጮቹ ዛሬም በድብቅ የሚስማር ስባሪ ወደ እሳቱ የሚጥሉ ብቸኛ ሰዎች ናቸው፣ አባ ረመጥም እነሱን አይነካም።

ታኅሣሥ

ግራዝማቹ አባ ወሰን ይባላል። የድንበር ድንጋይ አምላክ ነበር። ሰው ሌሊት እየተነሣ የጎረቤቱን ድንጋይ አንድ ክንድ ሲገፋ፣ ልጁ አንድ ክንድ ሲጨምር፣ የልጅ ልጁ "የአባቴ ርስት ነው" ብሎ ሲምል ኖረ። አባ ወሰን ያስተማረው ሙያ ሙግት ነው። ሰው አይገድልም። ቀጠሮ ይሰጣል። እሱ የያዘው መንደር ውስጥ ምንም ነገር አያልቅም፤ ሠርግ ይቀጠራል፣ ለቅሶ ይቀጠራል፣ ሁለት ወንድማማቾች የጀመሩት ክርክር በልጆቻቸው ልጆች ይቀጥላል፣ የታመመ ሰው አይድንም አይሞትም። መዋሸት አይችልም፣ ይሄ ድክመቱ ነው። ቀጥተኛ ጥያቄ ካገኘ ይመልሳል፣ ብቻ ጥያቄውን እስክታቀርቡ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ያስለውጣችኋል።

ደጃዝማቿ ወይዘሮ እንቅልፍ አምባ ሙሉ ሰው እንቅልፍ ትነሣለች። ደጀኑ አባ ትራፊ ከኋላ የቀረውን ይለቅማል። እነዚህ ሁለቱ ገና ንድፍ ናቸው።

መሀል ያለው ድንኳን ባዶ ነው። ሁሉም ዙሪያውን ይሰፍራሉ፣ ማንም አይገባበትም። እዚያ ይቀመጥ የነበረው ስሙ ፈጽሞ የጠፋ አምላክ ነው። ስለቱ መበላቱን እንኳን የሚያውቅ ሰው አልቀረም። ይሄን በንግግር ልነግራቸው ስላልፈለግኩ ሳንቲም ሠራሁ። ሐሳቡ የአክሱም ሳንቲሞች ናቸው። ከክርስትና በፊት የተሠሩት ላይ ጨረቃና ክብ ምልክት አለ፣ ኢዛና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ካመነ በኋላ ግን ቦታውን መስቀል ያዘው። በቀደሙት የድንጋይ ጽሑፎቹ ራሱን የአምላኩ የማሕረም ልጅ የሚለው ንጉሥ በኋለኛው የሰማይን ጌታ ያመሰግናል። ማሕረም፣ አስታር፣ ቤሕር ዛሬ የሚኖሩት ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። የእኔን ሳንቲሞች ከሸክላ ጭቃ አድቦልቡዬ፣ የንጉሡን ፊት በእንጨት ማኅተም አትሜ፣ ከአናቱ በላይ ያለውን ምልክት ሳይደርቅ በጥፍሬ ፋቅኩት። የደረቀው ላይ የጥፍሩ መስመር ይታያል። አንድ ሰው ሆን ብሎ እንዳጠፋው ጣት ሲነካው ያውቃል።

የውጊያው ሕግም ተቀይሯል። የአጋንንት አለቃ በዳይስ አይገደልም። በገዛ አገራችን ከመንፈስ ጋር መነጋገሪያ ሁለት የታወቀ መንገድ አለ። ጠበል ቦታ መንፈሱ ማን እንደሆነ፣ መቼና የት እንደያዘ ይጠየቃል፣ ይለፈልፋል፣ ምሎ ይወጣል። የዛር ቤት ደግሞ ዛሩ የሚወደው ልብስ፣ ሽቶ፣ ቡና፣ ጌጥ ይጠየቅና "ፈረሱ" ከሚባለው ከያዘው ሰው ጋር ተስማምቶ እንዲኖር ድርድር ይደረጋል። ሁለቱን ለያይቼ ሁለት የጨዋታ መንገድ አደረግኳቸው። አንደኛው የተበላውን ስለት ማወቅና አስምሎ መሸኘት ነው፤ ከባድ ነው፣ ግን ያልቃል። ሁለተኛው መደራደር ነው፤ ይቀላል፣ ዕዳው ግን በየዓመቱ ይከፈላል። የትኛውን እንደሚመርጡ አልነግራቸውም።

ጥር

ብራናው መጣ። የፍየል ነው፣ ተወጥሮ ተፍቆ ያለቀ፤ ፍቀቱን ለሚያውቀው ሰው ትቼ የራሴን ጊዜ ለሥዕሉ አደረግኩ። አንደኛው ፊቱ ትንሽ ሻካራ ነው፣ ጸጉር የነበረበት በኩል፣ ብርሃን ላይ ሲያዩት የጸጉሩ ነጠብጣብ ይታያል። መስመሩን በቀለም አላሰመርኩም። ጠርዙን በወስፌ በስቼ፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ማስመሪያ ይዤ በደነዘ ጫፍ ጫን ጫን አድርጌ ሳብኩ። ቀለም የሌለው መስመር ነው፣ ጎን ብሎ ለሚያየው ብቻ ጥላ ይጥላል። የአባቶች መጻሕፍት የተሰመሩት እንዲህ ነው። ጽሑፉ በጥቁር፣ ስሞቹ በቀይ። ቁርጥራጮቹን የምሰፋው በዚያው በብራና ጠፍር ነው።

ዓይን ላይ ብዙ ቆየሁ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉው በጎን ተሥሎ በአንድ ዓይን ይቀራል። ክታብ ላይ ደግሞ ዓይን ሁሉ ትልቅ ነው፣ ፊት ለፊት ያፈጥጣል። እኔም አማልክቱን በሁለት ዓይን፣ የአጋንንቱን አለቆች በጎን ሣልኩ። ይሄ ደንብ ከተያዘ በኋላ ጥቅልሉ ራሱ ይናገራል። ለምሳሌ እሜት መጅ። ፊታቸውን ትንሽ ዘወር አድርጌዋለሁ። ግራ ዓይናቸው ሙሉ ነው፣ ቀኙ ግማሹ ብቻ ከአፍንጫው ጀርባ ይታያል፣ ቅንድቡ መታጠፍ ጀምሯል። ይሄ አንድ ዓይን ከሌላው ሥዕል ሁሉ በላይ ጊዜ ወስዷል፤ ብሌኑን ትንሽ ወደ ውስጥ ካስገባሁት ጠፍተዋል፣ ትንሽ ወደ ውጭ ካወጣሁት ደህና ናቸው። መሀሉን ነው የፈለግኩት።

ለምን ዘወር አሉ? አንደኛው አምባ ላይ የውኃ ወፍጮ ተሠርቷል። ሴቶቹ ሌሊት መነሣት ቀርቶላቸዋል። ወገባቸው ተርፏል፣ ልጃገረዶች ጧት ተኝተው ያረፍዳሉ። እሰየው የሚያሰኝ ነገር ነው፣ እኔም ከልቤ እሰየው እላለሁ፤ የድንጋይ ወፍጮ ሴቶችን ምን እንዳደረጋቸው ማንም የሚያውቀው ነው። ግን ደጃፍ ላይ የሚበተነው ቁንጥር ቀረ፣ እንጉርጉሮውም ቀረ። የበደለ ሰው የለም። አምላካቸው ግን እየሄደች ነው። ይሄንን የጨዋታው ዋና ጉዳይ አድርጌዋለሁ።

የካቲት

የመጀመሪያው የጨዋታ ምሽት ተካሄደ። ጥቅልሉን ሳልናገር ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ከተጫዋቾቹ አንዷ ዘረጋችው፣ ከዚያ ተነሥታ ቆመችና ከእግሯ ጀምራ ለካችው። ደረቷ ጋ አለቀ። "ክታብ በባለቤቱ ቁመት ነው የሚሠራው፣ ይሄ የልጅ ነው" አለች። ሌሎቹ ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቷቸው ወዲያው ልጁ ማን እንደሆነ መጠየቅ ጀመሩ። ያንን ፍንጭ እስከ ግማሽ ጨዋታው ድረስ ማንም ያገኘዋል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

አባ ረመጥን ያገኙት ድልድይ ላይ ነው። ሦስቱ ሊወጉት ተዘጋጁ። የቀጥቃጭ ልጅ የሆነውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ጓደኛችን ግን "ቆይ፣ የመጀመሪያዋ ሰይፍ የታለች?" ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰም። የራሱን ሰይፍ ጉልበቱ ላይ ሰብሮ እሳቱ ውስጥ ጣለ። ገጸ ባሕርይው ያለው ብቸኛ መሣሪያ ነበር፣ በሕጉ መሠረትም ሌላ እስከ ዓመት ድረስ መያዝ አይችልም። አባ ረመጥ መንገድ ለቀቀ። እኔ ደግሞ ጥቅልሉ ላይ ሁለተኛ ዓይኑን ጀመርኩለት፤ ገና ጫፏ ብቻ ነች፣ ሙሉ እንድትሆን ሌሎችም መመለስ አለባቸው።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ተከፋፈሉ። አንዱ ወፍጮው ይፍረስ አለ። ሴቶቹን ወክላ የምትጫወተው ጓደኛችን ተቆጣች፣ እውነቷን ነው፣ "አምላክሽን ለማዳን ወገብሽን ስጪ ነው የምትሉኝ?" አለች። ረጅም ክርክር ሆነ፣ ዳይስ የነካ ሰው አልነበረም። እኔ የፈለግኩት ጨዋታ ይሄ ነው። በመጨረሻ ወፍጮው ይቁም፣ ስለቱ ግን አዲስ ይሁን ወደሚለው ሄዱ። ሴቶቹ እህላቸው እስኪፈጭ ደጅ ተቀምጠው ወረፋ ሲጠብቁ የሚያወሩት ነገር አለ፤ ያ ወሬ እንደ እንጉርጉሮው ይቆጠር ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ይቆጠራል ብያለሁ። ሁለት ቅድመ ሁኔታ ጨምሬ ሕጉን ዛሬ ጽፌ ጨርሻለሁ። ወረፋው ላይ የተወራ ከዚያ መውጣት የለበትም፣ ባለወፍጮውም ከሚቀበለው ዋጋ ላይ ከየቁናው አንዳንድ ቁንጥር ደጃፉ ላይ ይበትናል። ባለወፍጮውን የምጫወተው እኔ ነኝ፤ ቆጥቋጣ ሰው ነው፣ በቀላሉ አይስማማም። ለሚቀጥለው ምሽት የሱን ሒሳብ አዘጋጃለሁ፣ የአባ ትራፊንም ቁራጭ እሰፋለሁ።